የሱቅ ሒሳብ ፍርሃት በምን ይለቃል? የድሬና የሐረር ነጋዴዎች የውይይት ክር

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ግብር ሳይሆን ከግብር በፊት ስላለው ነገር ነው። በድሬዳዋ ከዚራና መጋላ፣ ሐረር ሸዋ በርም ላይ፣ ብዙ ሱቆች ጥሩ ይሸጣሉ። ባለቤቶቹ ዕቃ መምረጥ፣ ዋጋ መከራከር፣ ደንበኛ መያዝ ያውቁበታል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ሲመጣ ግን ዓይናቸውን ያሸሻሉ። ባንክ ለብድር የስድስት ወር ሽያጭ ሲጠይቅ ወይም ሰኔ 30 ሲቃረብ፣ ደረሰኝ በካርቶን ተሸክመው ወደ ሒሳብ ሠራተኛ ይሮጣሉ። የሦስት ቀን ሥልጠና ይህን ሲለውጥ አላየሁም። በእኔ እምነት ሒሳብ እንደ ሚዛን ነው፤ እጅ የሚለምደው በየቀኑ ሲነካው ነው። እንግዲህ ንገሩኝ፦ ከምንም የሚጀምር ሰው በየማታው ምን ያድርግ? ምን ያስቀድም፣ ምን ያስከትል? የት ላይ ይሰናከላል? አደራ፣ ቁጥር ያለው መልስ ስጡ።

ክሩ ስለረዘመ አዲስ ለሚገባ አንባቢ እንዲመች መልሶቹን በየተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ያልተስማማሁበት ቦታ ላይ ዝም አላልኩም።

መልስ 1። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ጀማሪ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ነገር ብቻ ይሥራ አለ፦ ማታ መሳቢያውን መቁጠር። ትርፍም፣ ታክስም፣ ዱቤም ለጊዜው ይቆዩ። ስሌቱን እንዲህ አስቀመጠው። ጠዋት ለመልስ የተተወው ዝርዝር 1,500 ብር ነው። በደብተሩ ላይ በየመስመሩ የተጻፈው የካሽ ሽያጭ 8,640 ሆነ፤ ከቆየ ዱቤ የተሰበሰበ 400 አለ። ከመሳቢያው ለተሸካሚ 300፣ ለሻይና ለውሃ 120 ወጥቷል፤ ባለቤቱ ለቤት 1,000 ወስዷል። ስለዚህ መሳቢያው ውስጥ 9,120 ብር መገኘት አለበት። ቆጠራው ደግሞ በየብሩ ዓይነት ይጻፋል፦ ባለ 200 ሠላሳ ስድስት፣ ባለ 100 አሥራ አራት፣ ባለ 50 ሰባት፣ ባለ 10 አሥራ አንድ፣ ባለ 5 አራት። ይህ 9,080 ይመጣል፤ 40 ብር ጎድሏል። ድምሩን ብቻ የሚጽፍ ሰው ስህተቱን በኋላ የሚፈልግበት ቦታ እንደማይኖረው፣ በየዓይነቱ የጻፈ ግን ባለ 50ዎቹን ብቻ ደግሞ መቁጠር እንደሚችል አስረዳ። ጊዜው 15 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ደብተሩ ቀን ቀን በአግባቡ እየተጻፈ አይደለም ማለት ነው።

መልስ 2። በሁሉም ተስማማችና አንድ ነገር ብቻ አስተካከለች፦ ቅደም ተከተሉን። በመጀመሪያ ብሩ ይቆጠር፣ ውጤቱ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩ የሚደመረው። 9,120 መገኘት እንዳለበት አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሲቆጥር እጁ ወደዚያው ያደላል፣ እስኪገጥምለትም ሦስት ጊዜ ይቆጥራል። ከጠቅላላው ክር ውስጥ አንድ መልስ ብቻ አስቀር ብባል ይህን ነው የማስቀረው። በተጨማሪም ድሬ ላይ በቀትር ሙቀት ሱቅ ዘግቶ አመሻሹ ላይ የሚከፍት ሰው ዕድለኛ ነው አለች፤ ሲዘጋ አጭር ቆጠራ ካደረገ ማታ የተገኘው ጉድለት የጠዋቱ ይሁን የከሰዓቱ ያውቃል።

መልስ 3። ያቺን 40 ብር ምን እናድርጋት የሚለውን አነሳ። መልሱ ቁርጥ ያለ ነው፦ ከኪስ አትሞላም፣ በተረፈም ቀን ትርፉ ከመሳቢያው አይወጣም። ለልዩነት ብቻ የተለየ ዓምድ ይሰመርና በቀይ ትጻፋለች። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ዓምዱ ራሱ ይናገራል። አንድ ቀን 10 ጎድሎ ሌላ ቀን 15 ከተረፈ የመልስ አሰጣጥ ስህተት ነው። ሁልጊዜ ከጎደለ፣ መጠኑም ከተቀራረበ፣ ያልተጻፈ ወጪ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሻይ፣ በረዶ ውሃ፣ የባጃጅ ሒሳብ ነው። በአንድ የሳምንቱ ቀን ብቻ የሚጎድል ከሆነ ያን ቀን መሳቢያውን ማን እንደያዘ ይታይ፤ ግን ደብተሩ ሳይጣራ በፊት ሠራተኛን መጠርጠር ነውር ነው ብሏል። ከኪሱ እየሞላ የሚያስተካክል ባለቤት ምልክቱን በገዛ እጁ ያጠፋል። የብዙ ሰው ፍርሃት ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል፦ ልዩነትን እንደ ውርደት ማየት።

መልስ 4። ልዩነት ሲገኝ ለ9 አካፍሉት አለ። እኩል ከተካፈለ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ 540 ለመጻፍ 450 የጻፈ ሰው 90 ይጎድለዋል። ዜሮ የተረሳ እንደሆነም እንዲሁ ነው፤ 6,300 የሚለው 630 ተብሎ ሲጻፍ ልዩነቱ 5,670 ነው፣ ለ9 ይካፈላል። ማካፈል የከበደው አኃዞቹን ይደምር፤ 5፣ 6፣ 7 እና 0 ሲደመሩ 18 ናቸው፣ 18 ደግሞ ለ9 ይካፈላል። ሁለተኛ ዘዴ ጨመረ፦ ልዩነቱን ለሁለት ክፈሉና ያን ቁጥር ደብተሩ ላይ ፈልጉ። የ150 ብር ወጪ በገቢ በኩል ከተጻፈ ልዩነቱ 300 ይሆናል፣ ግማሹ ስህተቱን ይጠቁማል።

መልስ 5። በትሕትና ግን ሳይለሳለስ አረመው። ለ9 መካፈል ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ አንድ ባለ 50 እና አራት ባለ 10 ቢጠፉም የሚጎድለው 90 ብር ነው። ዘዴው ይበልጥ የሚጠቅመው በተቃራኒው ነው፦ በመልስ 1 ላይ ያለው 40 ለ9 ስለማይካፈል አኃዝ የተገላበጠ አይደለም ብሎ ያን ፍለጋ መተው ይቻላል። ልዩነቱ ልክ 100 ወይም 200 ከሆነ ደግሞ ወደ ደብተር ከመሄድ በፊት ብሩን ይዩ፤ አዲስ ብር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራል። መድኃኒቱ ሁለተኛውን ቆጠራ ከእስሩ በታች ጀምሮ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጡ መቁጠር ነው።

መልስ 6። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። በዚህ ዘመን ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ ኋላቀርነት ነው፣ ሲስተም (ሽያጭ የሚመዘግብ ማሽን) ገዝቶ መገላገል ነው አለ። ኤክሴል የማይችል ሰው ንግድ ባይገባ ይሻላል ብሎም ጨመረ። ይህችን የመጨረሻዋን ባይላት ጥሩ ነበር።

መልስ 7። ሳይውል ሳያድር መለሰለት። ሲስተም መሳቢያ አይቆጥርም አለው፤ የገባለትን ይደምራል እንጂ ያልገባውን አያውቅም። ለተሸካሚ የተሰጠች 300 ብር ማሽኑ ውስጥ ካልገባች ማሽኑም እንደ ደብተሩ ይሳሳታል፣ ልዩነቱ አሳምሮ ማተሙ ብቻ ነው። ለሦስት ወር በእጁ የዘጋ ሰው ሲስተም ሲገዛ ምን እንደሚጠይቀው ያውቃል። መልሱን በአንተ፣ በቀጥታ፣ ያለ ማለዘቢያ ነው የጻፈው።

መልስ 8። ከአዲስ አበባ እንደሚጽፍ ገልጾ ስለ ሒሳቡ ሳይሆን ስለ አንተታው ተቆጣ። በዕድሜ ሊበልጥ የሚችልን የማያውቁትን ሰው አንተ ማለት ስድብ ነው አለ።

መልስ 9። የድሬ ልጅ መሆኗን ተናግራ አረጋጋችው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፣ ሽማግሌውንም አንተ ይሉታል፣ ንቀት የለበትም አለች። ሆኖም በመልስ 6 የተሰነዘረው ንቀት አንቱም ተብሎ ቢጻፍ ንቀት መሆኑ አይቀርም ብላ ዘጋች።

መልስ 10። ከነጭራሹ ወደ ታሪክ ሄደ። ድሬዳዋ ገና ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የቆመች ከተማ ናት፣ ሐረር ግን ከዚያ በፊት አሚሮቿ መሐለቅ የሚባል የራሳቸውን ሳንቲም ያስመቱባት የንግድ ከተማ ነበረች፤ ስለ ሒሳብ ሐረርን ጠይቁ አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተነሡበት፤ ከርእስ ስለወጡ አላስገባኋቸውም።

መልስ 11። ይህኛው የሐረሩን ጨዋታ ይዞ ወደ ጉዳዩ መለሰን፣ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ዘካ የሚያወጣ ነጋዴ ሒሳብ አልችልም ሊል አይገባም አለ። በየጨረቃው ዓመት፣ በ354 ቀን አንዴ፣ በሱቁ ያለውን የንግድ ዕቃ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይተምናል፣ ካሹን ይጨምራል፣ ይከፈለኛል የሚለውን ዱቤ ይደምራል፣ ያለበትን ዕዳ ይቀንሳል፣ ከዚያም 2.5 በመቶ ያወጣል። ይህ የሀብትና የዕዳ መግለጫ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሰውዬው ሥራውን ለአላህ ብሎ በጥንቃቄ ይሠራውና ወረቀቱን ይጥለዋል። ወረቀቱን ቀን ጽፎ ያስቀምጠው፤ የዘንድሮውን ካምናው ጋር ቢያስተያይ ንግዱ ማደጉን ወይም መመንመኑን በአንድ ገጽ ያየዋል። የጨረቃው ዓመት ከሐምሌ 1 ጋር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚለያይ ግን ለግብር ዘመኑ የተለየ ቆጠራ እንደሚያስፈልግ አስታውሷል።

መልስ 12። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቴሌብርና ባንክ ይጨመሩ አለች፣ እዚህም ላይ አብዛኛው ሰው የሚደናቀፈው በቀን መቁጠሪያ ነው። የሱቁ ደብተር በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የባንክ ስቴትመንት በፈረንጅ ይመጣል። መስከረም 1 ቀን 2018 ስቴትመንቱ ላይ ሴፕቴምበር 11፣ 2025 ነው። በ2016 ግን ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነበር፣ ምክንያቱም 2015 ጳጉሜን 6 የነበረበት ዓመት ነው። መፍትሔዋ ቀላል ነው፦ በደብተሩ እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ሁለቱንም ቀን መጻፍ። የቴሌብር ሽያጭ ከመሳቢያው ስሌት ውጭ የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ ካሽ ውስጥ ተደምሮ ከተጻፈ መሳቢያው በየማታው የጎደለ ይመስላል። ክፍያ ገብቷል ለማለት የደንበኛው ስልክ ላይ ያለው ጽሑፍ አይበቃም፣ የራስን ቀሪ ሒሳብ ማየት ነው። ማመሳከሩ በሳምንት አንድ ቀን ይሁን፤ የተስማማው መስመር ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ምልክት ያልተደረገበት ብቻ ይጠየቃል። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን መሆኑ ደግሞ ሌሎች የሌላቸው ምቾት ነው አለች፤ የጥቅምትን ሽያጭ ከኅዳር ጋር ማወዳደር ያለ ምንም ማስተካከያ ይቻላል። ጳጉሜን ብቻ ለብቻ ገጽ ይሰጣት።

መልስ 13። እቁብን አነሳ፣ እኔም መጠየቅ የነበረብኝን ረስቼው ነበር። በሳምንት 2,000 ብር የሚጥሉ 20 ሰዎች አሉ እንበል፤ ዕጣው 40,000 ነው። በሦስተኛው ሳምንት የደረሰው ሰው 6,000 ጥሏል፤ ቀሪው 34,000 ዕዳ ነው፣ በ17 ሳምንት የሚከፈል። ብዙዎች 40,000ውን ሽያጭ ላይ ይደምሩትና ያ ወር የወርቅ ወር ይመስላቸዋል፤ ቀጥሎ ያሉትን አራት ወራት ደግሞ 2,000 2,000ውን ወጪ እያሉ ንግዱ የከሰረ ይመስላቸዋል። የእቁብ ገንዘብ ገቢም ወጪም አይደለም። ሳይደርስ የተጣለው የራስ ቁጠባ ነው፣ ከደረሰ በኋላ የሚጣለው ዕዳ መክፈል ነው። ለእቁብ ብቻ አንድ ገጽ ይበቃል።

መልስ 14። ዱቤን በቀን ቅደም ተከተል መጻፍ ስህተት ነው አለ፤ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ገጽ ይኑረው። ቀን፣ ዕቃ፣ የወሰደው፣ የከፈለው፣ ቀሪው። በወሩ መጨረሻ ቀሪዎቹ በሦስት ይከፈላሉ፦ 30 ቀን ያልሞላቸው፣ ከ30 እስከ 60 የሆናቸው፣ ከ60 ያለፉ። ሦስተኛው ክፍል ከወር ወር ካበጠ ሽያጩ ጥሩ ነው ብሎ መጽናናት አይቻልም። አንድ የተለመደ ስህተትም ጠቆመ፦ ዕቃው በዱቤ ሲወጣ ሽያጭ ተብሎ ይጻፋል፣ ገንዘቡ ሲገባ ደግሞ እንደገና ሽያጭ ይባላል። አንድ ዕቃ ሁለቴ ተሸጠ ማለት ነው። በመልስ 1 ላይ 400ው ለብቻው የተቀመጠው ለዚህ ነው።

መልስ 15። ትርፍን በተመለከተ 400 የገዙትን 500 መሸጥ 25 በመቶ ትርፍ ነው፣ ከ100,000 ብር ሽያጭ 25,000 ይተርፋል አለ። ከዋጋው ውስጥ ታክሱን ለማውጣትም በ15 በመቶ ማባዛት ይበቃል ብሎ አከለ። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

መልስ 16። ሳታዝንለት አረመችው። 100 ብሩ የግዢው 25 በመቶ፣ የሽያጩ ግን 20 በመቶ ነው፤ ከ100,000 ሽያጭ የሚተርፈው 20,000 ነው፣ ያውም ኪራይና ደመወዝ ሳይነሣ። ያልነበረችውን 5,000 ብር ቤት የወሰደ ሰው ከዋናው ነው የበላው። ታክሱንም በተመለከተ፣ ቫት የተካተተበት 1,150 ብር ለ1.15 ይካፈላል፤ ዕቃው 1,000፣ ቫቱ 150 ነው። በ15 በመቶ ያባዛ 172.50 ያገኛል፣ 22.50 በከንቱ ይከፍላል። ሳያጣሩ ሌላውን ማስተማር ጀማሪን ይጎዳል ብላ ጨረሰች። ኃይለ ቃል ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ስህተት ሳይታረም መተው ከዚያ ይብስ ነበር። መልስ 15 ተመልሶ መጥቶ ስህተቱን አምኗል፣ ይህም ክብር ነው።

መልስ 17። ትርፍ በትክክል ቢሰላም ዕቃው መተካት ካልቻለ ዋጋ የለውም አለ። በ1,200 የተገዛ ካርቶን በ1,500 ተሸጠ፣ 300 ተረፈ ተባለ፣ በተከታዩ ሳምንት ግን ጅምላው 1,650 ጠየቀ። 150 ብር ጨምረህ ነው ያንኑ ካርቶን መልሰህ የምታስገባው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ይህን በደንብ አይተውታል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ዋና ዋናዎቹን አሥር ዕቃዎች የዛሬ ጅምላ ዋጋ ጠይቆ ከግዢው ዋጋ አጠገብ መጻፍ።

መልስ 18። ሁለት ደብተር ያዙ፣ አንዱን ለራስ አንዱን ለግብር፣ አለ።

መልስ 19። ከክሩ ሁሉ የተቆጣው ይህ ነው፣ ከጎኑ ነኝ። ሁለት ደብተር መያዝ ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። በልምምዱም በኩል ሁሉን ያፈርሳል አለ፦ የሐሰት ቁጥር የሚጽፍ እጅ እውነተኛውንም ማመን ያቆማል፣ ብድር ሲጠየቅ የሚቀርበው ደግሞ ለግብር የተጻፈው ያ ትንሹ ቁጥር ነው። ያለ ደረሰኝ በርካሽ የተገዛ ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ወጪው ማስረጃ ስለሌለው አይያዝም፣ ግብሩ ባልተገኘ ትርፍ ላይ ይሰላል።

መልስ 20። የዕቃ ቆጠራ ለሰኔ 30 አይጠራቀም አለች። በሳምንት አንድ መደርደሪያ ብቻ ቢቆጠር ባለ 12 መደርደሪያ ሱቅ በሦስት ወር አንድ ዙር ያልቃል። ለቀፊራ (የድሬ ገበያ) አትክልት ሻጮች የተለየ ስሌት ሰጠች። ኩንታል ሽንኩርት በ4,500 ተገዛ፣ ኪሎው 45 ነው ተብሎ በ48 ይሸጣል፣ 300 ብር ይተርፋል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን 6 ኪሎው በስብሶና ደርቆ ይወጣል፤ የቀረው 94 ኪሎ በ48 ሲሸጥ 4,512 ነው። የቀኑ ትርፍ 12 ብር፣ የተሸካሚውን ሳይጨምር። የተጣለውን መዝኖ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቡና በፈረሱላ የሚገዙም እንዲሁ፣ 17 ኪሎውን ሲያበጥሩ ስንት እንደቀረ ይጻፉ አለች።

መልስ 21። ጥያቄ ነው። በረመዳን ከተራዊሕ ሶላት በኋላ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚከፈት ሱቅ ቀኑን መቼ ይዝጋ? ከስድስት ሰዓት በኋላ የገባው ቴሌብር በነጋታው ቀን ተመዝግቦ ስለሚመጣ ሳምንታዊው ማመሳከር እየተፋለሰበት ነው።

መልስ 22። መልስ 12ን የሰጠችው ተመልሳ መለሰችለት። መሳቢያው አንዴ ብቻ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ይቆጠር፤ የገጹም ቀን ሱቁ የተከፈተበት ቀን ይሁን። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን በቴሌብሩ ዓምድ ላይ አንድ አግድም መስመር ይሰመር። ከመስመሩ በላይ ያለው ድምር ከዚያው ቀን ስቴትመንት ጋር፣ ከመስመሩ በታች ያለው ከተከታዩ ቀን ጋር ይመሳከራል። ስልክህ ላይ የማንቂያ ደወል ሙላ፣ በሥራ መሀል ይረሳል ብላዋለች።